ጽሕፈት ቤትና መኖሪያ ቤት

«ቢሮ» የምንለው ቃል ከፈረንሳይ ቋንቋ የመጣ ነው። በቀድሞ ዘመን የፈረንሳይ ጸሐፍትና ሒሳብ ያዦች በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ «ቡር» የሚባል ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ያነጥፉ ነበር። ውሎ አድሮ ጨርቁ ስሙን ለጠረጴዛው ሰጠ፤ ጠረጴዛው ለክፍሉ፣ ክፍሉም ለመሥሪያ ቤቱ አወረሰው። እንግዲህ ዛሬ ብዙ ፎቅ የሚሠራለት ቢሮ በመጀመሪያው ዘመን ቁራጭ ጨርቅ ነበረ ማለት ነው።

የእኛው «ጽሕፈት ቤት» ግን ትርጓሜው ከስሙ ግልጥ ነው፤ የሚጻፍበት ቤት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የሚጻፍበት መሆኑን ይናገራል እንጂ ቤቱ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። የመንግሥት ሥራ የሚጻፍበት ቤት ቀድሞ የማን ነበረ? ዛሬስ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ማንሣቴ የታሪክ ሊቅ ስለ ሆንሁ አይደለም። በሰበታ ከተማ የምኖር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ሥራዬን በቤቴ ሆኜ እንድሠራ በታዘዝሁ ጊዜ የሠራሁት አንድ ስሕተት ያለፈውን ዘመን እንድመረምር አስገደደኝ። ስሕተቱን በቦታው እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከጥንቱ ልነሣ።

የቁም ጸሐፊው ጉልበት

በአገራችን ከሁሉ የሚቀድመው ጽሕፈት ቤት የቁም ጸሐፊው ቤት ነው። ቁም ጸሐፊ ጠረጴዛ አልነበረውም፤ ወንበርም አልፈለገም። በቆዳ ወይም በሰሌን ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን አጥፎ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ያደርጋል። የቀለሙን ቀንድ በአጠገቡ መሬት ላይ ይተክላል፤ አንዱ ቀንድ ለጥቁሩ፣ ሁለተኛው ለቀዩ ነው። ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል፤ መስመሩን በወስፌ ያሰምራል። ብራናውንም ቢሆን ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮና አድርቆ የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው።

ይህን አሠራር አንዳንድ ሰው የድኽነት ምልክት አድርጎ ይቈጥረው ይሆናል። እኔ ግን ብዙ ጥበብ አይበታለሁ። ጸሐፊው የሚቀመጠው ብርሃን ባለበት በደጃፍ ወይም በዛፍ ጥላ ነው፤ ፀሐይ ስትዞር እሱም ይዞራል። የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ ከተቀመጠበት ሳይነሣ እጁ የሚደርስበት ነው። ሥራውን ሲፈጽም ብርዑን ያነሣል፣ ቀንዱን ይነቅላል፣ የጻፈውንም በማኅደር ያኖራል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ተመልሶ የቤተ ሰቡ ቤት ይሆናል። ብርሃን፣ የዕቃ ቅርበት፣ የሥራና የቤት መለየት፤ ዛሬ ስለ ቤት ውስጥ ጽሕፈት ቤት የሚመክሩ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ከእነዚህ ከሦስቱ የራቀ አይደለም።

ደጅ ጥናት

የቁም ጸሐፊው ቤት የሃይማኖትና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነበር። የመንግሥቱ ሥራ ግን የሚፈጸመው በሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በመኳንንቱ ግቢ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ሹሙና ሹመቱ፣ ቤቱና መሥሪያ ቤቱ አልተለዩም። ዳኛው በቤቱ ደጅ ያስችላል፤ ግብሩ በግቢው ጎተራ ይገባል፤ አቤት ባዩም የሚሰማው ጌታው ከእልፍኝ ወደ አዳራሽ ሲወጣ ነው። «ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገር የተወለደው ከዚሁ ነው። ባለጉዳዩ ቀን ቈጥሮ፣ ስንቅ ይዞ፣ በሹሙ ደጅ ይሰነብት ነበር። የሚጠብቀው የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት አልነበረም፤ የጌታውን መልካም ፈቃድ ነበር።

የቤተ መንግሥቱም ሥርዓት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጸሐፌ ትእዛዙ የንጉሡን ቃል የሚጽፍና ማኅተሙን የሚጠብቅ ስለ ነበረ ከንጉሡ ሊርቅ አይችልም፤ ንጉሡ ሲዘምት ጽሕፈት ቤቱም አብሮ በበቅሎ ተጭኖ ይዘምታል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ጉዳት ነበረው። ሥራው በሰው ቤት የሚሠራ በሆነ ጊዜ ወረቀቱም የዚያ ሰው ወረቀት ይሆናል። ሹሙ ሲሻር ወይም ሲሞት ደብዳቤው ከዕቃው ጋር ወደ ወራሹ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በሣጥን ውስጥ የምስጥ ሲሳይ ቢሆን ጠያቂ የለውም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የቀድሞውን የመንግሥት ሥራ አደራረግና ሥርዓት ሰብስበው «ዝክረ ነገር» ብለው በ1942 ዓ.ም. ባያሳትሙልን ኖሮ ዛሬ የማናውቀው ነገር ስንት በሆነ ነበር! መጽሐፉ የተወደደው በውስጡ ስላለው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚገኝ ባለመሆኑም ጭምር ነው።

ይህ የእኛ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በኢጣልያ የፊሬንሴ ገዥ የነበረው ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ በየስፍራው ተበታትነው የነበሩትን ሹማምንት ከእጁ ሥር በአንድ ሕንጻ ለመሰብሰብ አስቦ በ1560 እ.ኤ.አ. ቫዛሪ የተባለውን ሠዓሊና መሐንዲስ አሠራው። ሕንጻው «ኡፊትሲ» ተባለ፤ መሥሪያ ቤቶች ማለት ነው። ዛሬ በዓለም የታወቀ የሥዕል ቤት ሆኖ ይጐበኛል። ስሙ ግን የድሮ ሥራውን እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ከ1900 ዓ.ም. በኋላ

በአገራችን ሹመቱን ከሹሙ ቤት ለመለየት የተደረገው ታላቅ እርምጃ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን የሾሙበት ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ ሌሎቹም እንደዚሁ በየሥራው ተመደቡ። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምናውቃቸው የየሚኒስቴሩ ሕንጻዎች አልነበሩም። ስሙ ቀደመ፤ ሕንጻው በኋላ ተከተለ። ቢሆንም ስሙ መቅደሙ ቀላል ነገር አይደለም። «የፍርድ ሚኒስቴር» የሚል ስም ከወጣ በኋላ ሚኒስትሩ ቢለወጥም መሥሪያ ቤቱ ይኖራል። ይህ አሳብ ከድንጋይ ሕንጻ ይልቅ የጸና ነበር።

ሕንጻውና ዕቃው ቀስ በቀስ መጣ። ስልክ በምኒልክ ዘመን ገብቶ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። መሐንዲስ አያና ብሩ በ1920ዎቹ የአማርኛውን ፊደል ለጽሕፈት መኪና የሚያመች አድርገው ለማዘጋጀት ደከሙ። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍትም ዛሬ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ጭምር ሆኖ ያገለግላል። እነዚህ ሁሉ ሲጨመሩ አንድ ነገር ይሆናሉ፤ የመንግሥት ወረቀት ከሰው ቤት ወጥቶ የራሱን ቤት አገኘ። ባለጉዳዩም ከጌታ ደጅ ወደ መሥሪያ ቤት መስኮት ተሻገረ። የመስኮቱ ሰልፍ ረጅም መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን መስኮቱ የሚከፈትበት ሰዓት የታወቀ ነው።

በዚህ መካከል ከመኖሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ያልተለየ ሌላ ሥራ ነበረ፤ ይኸውም የደራሲነት ሥራ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክት ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን በዚያው ዓመት አወጡ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። ክቡር አቶ ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ብዙ ዘመናቸውን በመንግሥት ሥራና በመልእክተኛነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ደራሲ ቀኑ ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ማታው ግን የራሱ ነው፤ ለማታው ደግሞ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚጻፍበትን ስፍራ ማበጀት ኮሮና ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም።

ሦስቱ ከተሞች

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። አዲስ አበባ እንደ ተቈረቈረች የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስለ አነሳት አፄ ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት አስበዋት ነበር። በ1887 ዓ.ም. ግድም የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከተማዪቱን አዳናት፤ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ ብቻ ቀረ። ዛሬ ቡራዩ የተዘረጋችው በዚያ በምዕራቡ መንገድ አቅጣጫ ነው፤ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚልከው ገፈርሳም በአጠገቧ ይገኛል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ያለች፣ ሜዳዋ ሰፊ፣ ብርዷ ጽኑ፣ ለዋና ከተማዪቱ ወተትና ድርቆሽ ስትልክ የኖረች አገር ናት። ሰበታ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀ ነው፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ መነሻው በእርሷ በኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ሆነዋል።

እነዚህ ከተሞች የብዙ ሠራተኛ ማደሪያ ናቸው። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ያልቻለ ጸሐፊ፣ መምህርና ነርስ በእነርሱ ያድራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ሰልፍ ይይዛል፤ ማታ በጨለማ ይመለሳል። ለልጁ የሚተርፈው እንቅልፉ ብቻ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሠራተኛ ወደ ሥራው ከሚጓዝ ይልቅ ሥራው በስልክ መስመር ወደ ሠራተኛው ቢጓዝ ይሻላል የሚል አሳብ አቅርቦ ለነገሩ ስም አወጣለት። በዚያው ዓመት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ፤ በአገራችንም በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን መወደድ ታክሲዎችን ለአድማ እንዳስነሣ፣ ይህም ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ እንደ ነበረ ይታወሳል። እዚያ መንገዱን ለማሳጠር ታሰበ፤ እዚህ ግን ነገሩ የታሰበው ከ46 ዓመት በኋላ ነው።

የጠፋው አሥር ዓመት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። እኔም በፈቃድ ከመሥሪያ ቤቴ የወሰድሁትን ላፕቶፕና ጥቂት መዝገብ ይዤ ሰበታ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰልፉ ቍመት ቀረልኝ፤ ልጆቼንም በቀን ብርሃን አየሁ።

ደስታዬ ግን ከሳምንት አላለፈም። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ጠረጴዛ የምንለው የምግቡን ስለ ሆነ በአልጋ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን በጉልበቴ ላይ አድርጌ እሠራ ነበር። እንደ ቁም ጸሐፊው ጉልበቴን ጠረጴዛ አደረግሁ እንጂ የእርሱን ብርሃንና ጸጥታ አላገኘሁም። ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች በአጠገቤ ይጫወታሉ፤ ጎረቤት ቡና ይጠራኛል፤ መብራት ይሄዳል። ወገቤ ያመኝ ጀመር። ሥራዬንም የምጀምርበትና የማቆምበት ሰዓት ስለ ጠፋ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ያለሁ እየመሰለኝ ቀኑን ሙሉ ሳልሠራ እውል ነበር።

በዚያ ወራት ጡረታ ለሚወጡ ሰዎች የአገልግሎት ማስረጃ እጽፍ ነበር። የአንድ የዘበኛ ሠራተኛ ዘመን 27 ዓመት ነበረ፤ እኔ 17 ብዬ ጻፍሁ። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር በሻማ ነው የጻፍሁት፤ መዝገቡም ከልጄ ደብተር ጋር ተደባልቆ ስለ ነበር መልሼ አላመሳከርሁም። ደብዳቤው ተፈርሞ ወጣ። ስሕተቱ እስኪታወቅና እስኪታረም ድረስ ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት አለፈ። ሰውዬው በመጨረሻ እኔ ዘንድ በመጡ ጊዜ አልተቈጡም። «ልጄ፣ አሥር ዓመቴን የት አደረግኸው?» ብቻ አሉኝ። «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። እሳቸው በዚያ ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ውስጥ የጠኑት ደጅ ከአባቶቻችን ዘመን ደጅ በምን ይሻላል? የሚያሳፍረው ደግሞ የጠኑት የመኳንንት ደጅ አለመሆኑ ነው፤ ሳያውቁት የጠኑት የእኔን የሰበታውን ቤት ነበር።

የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስሁትን የለቀመው ሌላ ሰው ነው። ይህ ነገር የመንግሥት ሥራ ከሰው ቤት ወጥቶ የራሱን ቤት እስኪያገኝ ድረስ ለምን ያን ያህል ዘመን እንደ ተደከመበት አስረዳኝ። ሥራው ወደ ቤት ሲመለስ ብርሃኑ፣ ጸጥታው፣ መዝገብ አያያዙና ሰዓቱ አብሮ ካልተመለሰ የተመለስነው ወደ ነገ አይደለም፤ ወደ ትናንት ነው።

የሚበጅ ነገር

ከዚያ በኋላ ቤቴን አበጀሁ። ሰፊ ክፍል የለኝም፤ ገንዘብም አልነበረኝም። ያደረግሁትን ለሚጠቅመው ሰው እነሆ እጽፋለሁ።

አንደኛው ብርሃን ነው። በሰበታ የሚገኝ አናጢ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ትንሽ ጠረጴዛ ሠራልኝና በመስኮቱ አጠገብ አቆምሁት። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው ብርሃኑ ከግራው ቢመጣለት የእጁ ጥላ ጽሕፈቱን አይጋርድበትም። ላፕቶፕ ለሚጠቀም ደግሞ መስኮቱ ከፊቱም ከኋላውም ሳይሆን በጎኑ ቢሆን ዓይኑ አይደክምም። ለማታና መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ በቀን ኀይል የሚሞላ ፋኖስ ገዛሁ፤ ሻማውን ተውሁት።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። ጠረጴዛዬ ከወለሉ 73 ሳንቲ ሜትር፣ ወንበሬ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው። እግር ወለሉን መርገጥ፣ ክርን ከጠረጴዛው ጋር መስተካከል፣ ጀርባም መደገፊያ ማግኘት አለበት። ላፕቶፑን በወፍራም መጻሕፍት ላይ አስቀምጬ የመስታወቱን ላይኛ ጫፍ ከዓይኔ ጋር አስተካከልሁት፤ የሚመታውን ፊደል ግን ለብቻው በተገዛ ገበታ እመታለሁ። የወገቤ ሕመም በወሩ ቀለለ።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ይህን በተለይ ለሱሉልታ ወዳጆቼ እናገራለሁ። በክረምት ክፍሉን ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገብ አድርጎ መሥራት ሰው ይገድላል፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የሚታፈነው ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። ጋቢ መደረብና እግርን በወፍራም ካልሲ ማሞቅ ይሻላል።

አራተኛው መዝገብ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የሚያድርበት ቍልፍ ያለው አንድ ሣጥን አለኝ። ከሣጥኑ አንድ መዝገብ ብቻ አወጣለሁ፤ እሱን ሳልመልስ ሌላ አላወጣም። የወሰድሁትንና የመለስሁትን በትንሽ ደብተር ቀኑን ጽፌ አኖራለሁ። ቍጥር ያለበትን ደብዳቤ ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ከመዝገቡ ጋር ድምፄን አውጥቼ አመሳክራለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሣቁ።

አምስተኛው ሰዓት ነው። ሥራ የምጀምረው በ2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልክ መሥሪያ ቤት እንደምሄድ ታጥቤና ለብሼ እቀመጣለሁ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ላፕቶፑን እዘጋለሁ፣ ሣጥኑን እቈልፋለሁ፣ በጠረጴዛውም ላይ ጨርቅ አነጥፍበታለሁ። ያ ጨርቅ ከተነጠፈ በኋላ ጠረጴዛው የልጆቼ የጥናት ጠረጴዛ ነው። የፈረንሳዩ ጸሐፊ ሥራውን ሲጀምር ጨርቁን ያነጥፍ ነበር፤ እኔ ሥራዬን ስጨርስ አነጥፋለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ዛሬ ወደ መሥሪያ ቤቴ ተመልሻለሁ፤ ጠረጴዛው ግን ከመስኮቱ አልተነሣም። የአገራችን ሠራተኛ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በቤቱ ሆኖ የሚሠራበት ዘመን ቢመጣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪ ትልቅ ዕረፍት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ማን በቤቱ ይሠራል የሚለው ብቻ አይደለም። የትኛው መዝገብ ከመሥሪያ ቤት ይወጣል? በማን ፊርማ? መቼስ ይመለሳል? የሚለው በግልጥ ሊደነገግ ይገባል። አባቶቻችን ሹመቱን ከሹሙ ቤት ለመለየት ብዙ ዘመን ደክመዋል፤ እኛ ሥራውን ወደ ቤታችን ስንመልሰው ወረቀቱ የእኛ ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ አለብን።

በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ አጭር ነው። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው በማንም ቤት ቢሆን፣ የሚጻፍለት ሰው ቤት ነው። እኒያ ሽማግሌ አሥር ዓመታቸው ተመልሶላቸዋል። እኔ ግን 2ን እና 1ን በጻፍሁ ቍጥር ብርዔን አቁሜ አንድ ጊዜ መመልከት ልማዴ ሆኗል።